በውኃ ውስጥ ስለሚወለዱት፤ የጉማሬና የዶልፊን እናትነት



ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ወር መጨረሻ፣ ለአንድ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ወደ ቡሬ ሄጄ ሁለት ሌሊት አድሬ ነበር። ወራቱ በቆሎው እሸት የያዘበት፣ በርበሬውም በማሳው ላይ መቅላት የጀመረበት ስለ ነበረ አገሩ ለዓይን እጅግ ደስ ያሰኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጧት ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ከዓባይ ዳር ቆላ የመጣ አንድ ጐልማሳ ገበሬ ወደ ቤቱ ገባ። ያረፍሁበት ቤት ጌታ በአገሩ በሽምግልና የታወቁ ሰው ስለ ሆኑ እንዲህ ያለ እንግዳ በየጧቱ አይታጣም። ጐልማሳው እጅ ነሥቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ አንዲት ጉማሬ ሌሊት ሌሊት ከወንዙ እየወጣች ካንዱ የበቆሎ ማሳው ግማሹን በልታና ረግጣ እንዳጠፋችበት፣ ስለዚህም ጠመንጃ ያለውና ተኩሶ የማይስት ሰው እንዲፈልጉለት ለመለመን መምጣቱን አስረዳ።

ሽማግሌው ገና መልስ ሳይሰጡ፣ ቡናውን ይቀዱ የነበሩት የቤቱ እመቤት ቀና ብለው «ብቻዋን ናት ወይስ ልጅ አላት?» ብለው ጠየቁት።

«አንድ ግልገል አላት እሜቴ፤ እናቱ ስትበላ እርሱ በማሳው ዳር ቆሞ ይጠብቃታል» አላቸው።

«እንግዲያስ አራስ ናት። እናትዮዋን ስትገድል ልጁን ማን ያሳድግልሃል ልጄ?» አሉት።

ጐልማሳው ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ግን ጥያቄው ከልቤ አልጠፋ ስላለኝ፣ ስለ ጉማሬ አወላለድና አስተዳደግ ሊቃውንት የመረመሩትን እየፈለግሁ አነበብሁ። ያገኘሁትን ለዚህ ገጽ አንባብያን ለማካፈል ያሰብሁት፣ ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

በአማርኛችን እጅግ የተቈጣ ሰው «አራስ ነብር ሆነ» ይባላል። ነብርን በአራስነቷ ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ የዓባይና የጣና ዳር ሰው ይህን ምሳሌ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ አራስ ጉማሬ ባለ ነበር። ከመካከላችን ብዙዎቹ ጉማሬን የሚያውቋት በሕይወቷ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ ከቆዳዋ ጋሻ ይሠራ ነበር፤ አለንጋም ይሠራ ስለ ነበረ ስሟ እንኳ ለአለንጋው ተላልፎ «ጉማሬ» ሲባል ጀርባው የሚያሳክከው ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም። ይህች በአለንጋነት የታወቀች እንስሳ ልጇን እንዴት አድርጋ እንደምታሳድግ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

ሴቲቱ ጉማሬ በዱር ስትኖር ለእናትነት የምትደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜዋ ነው። ወንዱ በውኃ ውስጥ ሆኖ ያጠቃታል፤ በዚያን ጊዜ መላ ሰውነቷን ውኃው ውጦት፣ ለመተንፈስ ብቻ አልፎ አልፎ አፍንጫዋን ብቅ ታደርጋለች። እርግዝናዋም 8 ወር ያህል ነው። ይህ ነገር ከብት ለሚያረባው ለጎጃም ሰው የሚያስደንቅ ነው፤ ላም 9 ወር፣ አህያ 12 ወር ስትሸከም፣ ከ1,300 ኪሎ ግራም በላይ የምትመዝነው ጉማሬ በ8 ወር ትገላገላለች። ምክንያቱም ግልገሉ ለእናቱ መጠን እጅግ ትንሽ ሆኖ መወለዱ ነው። ክብደቱ ከ25 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ማለት ቢበዛ የአንድ ኩንታል እኩሌታ ነው። የሚወለደውም አንድ ብቻ ነው፤ መንታ እጅግ ብርቅ ነው።

የልደቱ ወራት በዘፈቀደ አይደለም። በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተደረጉት ምርመራዎች እንደሚያስረዱት፣ ፅንሱ የሚበዛው በደረቁ ወራት፣ ልደቱ የሚበዛው በዝናሙ ወራት ነው። ይህንኑ በእኛ አገር ወራት ብንቈጥረው፣ ክረምቱ ያበቀለውን ሣር በልታ ወፍራ በጥቅምትና በኅዳር የፀነሰች ጉማሬ በሰኔና በሐምሌ ትወልዳለች። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ሣሩ የሚለመልምበት ስለ ሆነ ለወተቷ መልካም ነው። አንዲት ጉማሬ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ትበላለች፤ የምታጠባም ስትሆን ያለዚህ አትችልም። ነገር ግን ሣሩን ያለመለመው ዝናም በዚያው ወንዝ ዳር በቆሎውንም ያለመልመዋል። የዚያ የቆላ ገበሬ ጭንቀትና የጉማሬዋ አራስነት በአንድ ወር የተገናኙት በክፉ አጋጣሚ ሳይሆን አንድ ዝናም ሁለቱንም ስለሚያዝዛቸው ነው።

ጉማሬ ልትወልድ ስትቃረብ ከመንጋው ተለይታ ጥልቅ ወዳልሆነ፣ ጸጥ ወዳለና ቄጤማ ወዳለበት የውኃ ዳር ትሄዳለች። የምትወልደው ብዙ ጊዜ በውኃ ውስጥ ሲሆን አንዳንድ ጊዜም በየብስ ነው። በውኃ ውስጥ የተወለደ ግልገል የመጀመሪያውን እስትንፋስ ለማግኘት ወደ ላይ መዋኘት አለበት፤ በዚህ ዓለም የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ተለይተው ይቈያሉ። የእኛ ወላድ በአራስ ቤት እንደምትከተት ማለት ነው፤ ልዩነቱ የጉማሬዋን ገንፎ የሚያገነፋላት ባለመኖሩ ነው። ልጇን ጥላ ሩቅ መሄድ ስለማትችል በነዚህ ቀኖች የምትበላው ጥቂት ነው። ሰውም፣ ከብትም፣ ወንድ ጉማሬም ቢቀርባት የምትቈጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ልጇና ጥልቁ ውኃ ባሉበት መካከል የገባ ሰው ቢሮጥ እንኳ አያመልጣትም።

ስለ አጠባቡ ሳነብ እጅግ ተደንቄአለሁ። ግልገሉ ሲርበው ትንፋሹን ይዞ ወደ ታች ይጠልቅና ጆሮውን አጥፎ፣ አፍንጫውንም ዘግቶ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቶ ለመተንፈስ ይወጣል፤ እንደ ገናም ይጠልቃል። ይህም ልማድ በፍጥረቱ የጸና ስለ ሆነ፣ እናቱ በየብስ ተጋድማ ስታጠባውም እንኳ ጆሮውን ያጥፋል፤ አፍንጫውንም ይዘጋል። ውኃው ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እናቱ በጀርባዋ ትሸከመዋለች፤ ከሩቅ ያየ ሰው በድንጋይ ላይ የተኛ እርያ ይመስለዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሣር መቅመስ ይጀምራል፤ ጡት መተው የሚጀምረው ግን ከስድስትና ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ጨርሶ ጡት የሚጥለውም ዓመት ያህል ሲሞላው ነው።

ስለ ወተቷ አንድ የሐሰት ወሬ አለ። የጉማሬ ወተት ቀይ ነው እየተባለ በዓለም ዙሪያ ይነገራል፤ ወተቷ ግን እንደ ማንኛውም ወተት ነጭ ነው። ቀዩ ነገር ከቆዳዋ የሚወጣው ላበት የሚመስል ፈሳሽ ነው፤ የጃፓን ሊቃውንት በ2004 መርምረው፣ ቆዳዋን ከፀሓይ ትኵሳት የሚከላከልና ቍስል የሚያመረቅዙትን ረቂቃን ተሐዋስያን የሚያግድ ቀለም እንዳለበት ገልጸዋል።

አራስነቱ ሲፈጸም እናቲቱ ልጇን ይዛ ወደ መንጋው ትመለሳለች። በዚያም ልጅ ያላቸው ሴቶች በአንድነት ይኖራሉ፤ አንዲቱ ለግጦሽ ስትወጣ ሌላይቱ የብዙዎቹን ግልገሎች ስትጠብቅ ታይታለች። ጠላቶቻቸው አዞ፣ ጅብና አንበሳ ናቸው፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን የገዛ ወገናቸው ነው። ወንዶቹ ስለ ስፍራ ሲዋጉ ግልገል ይረገጣል፤ አውራ ጉማሬ ሆነ ብሎ ግልገል ሲገድልም በብዙ ስፍራ ታይቷል። ስለዚህ የእናቲቱ ቍጣ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ዐወቀው ቢባል፣ መልሱ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ስለምትውል እርጉዝ መሆኗ እንኳ ከውጭ አይታወቅም። በዩጋንዳ በንግሥት ኤልሣቤጥ ብሔራዊ ፓርክ ጉማሬው በዝቶ ሣሩን ስለ ጨረሰ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ዓመታት በሺህ የሚቈጠሩት በመንግሥት ትእዛዝ ተገደሉ። ሎውስና ክላፍ የተባሉ ሊቃውንት የተገደሉትን ሴቶች ማኅፀን እየመረመሩ፣ በስንት ዓመቷ እንደምትፀንስ፣ በየስንት ጊዜው እንደምትወልድ፣ ልደቱ በየትኛው ወራት እንደሚበዛ ቈጥረው በ1966 አሳተሙ። ስለ ጉማሬ ልደት የምናውቀው ብዙው ነገር የተገኘው እንግዲህ ከሞቷ ነው።

ከዚያ አስቀድሞም የሆነ አንድ ታሪክ አለ። በ1849 በነጭ ዓባይ ላይ ካለችው ኦባይሽ ከምትባል ደሴት አንድ ግልገል ተይዞ በደሴቲቱ ስም ተጠራ፤ በላም ወተት እየተመገበ በ1850 ለንደን ደረሰ። ቈይቶም ሴት ተገኘችለትና በ1871 እና በ1872 በአራዊት ማቈያው ውስጥ ልጆች ተወለዱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሞቱ፤ በኅዳር ወር 1872 የተወለደችው ሦስተኛይቱ ግን ከእናቷ ጋር በውኃው ውስጥ ተትታ አደገች። በዚያን ጊዜ የዓባይና የጣና ዳር ሰው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ግልገሉን ከእናቱና ከውኃው አትለዩት ብሎ ይመክራቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ስለ ጉማሬ የባሕር ዘመድ ልናገር። ሊቃውንቱ ጉማሬን ለረጅም ዘመን የእርያ ወገን አድርገው ሲቈጥሯት ኖረው ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን የዘር ምርመራ ባደረጉ ጊዜ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለጉማሬ የቅርብ ዘመዶቿ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ሆነው ተገኙ። የጋራ አባታቸው የኖረው ከ55 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በወንዝ ቀርቶ ሌሊት ሌሊት ሣር ለመጋጥ ይወጣል፤ ሁለተኛው እግሩን ትቶ ጨርሶ ባሕር ገባ። ከአንባብያን መካከል ሀገራችን ከ1985 ዓ.ም. በፊት በቀይ ባሕር ላይ ወደብ በነበራት ጊዜ በምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ካለ፣ ዶልፊኖች በመርከብ ፊት እየዘለሉ ሲሄዱ ማየቱን አይረሳም።

ዶልፊን ዓሣ አይደለችም፤ ትተነፍሳለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ስሟም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሆኖ ማኅፀን ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ፈላስፋው አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ዶልፊን በሕይወት ያለ ልጅ እንደምትወልድና በወተት እንደምታሳድግ ጽፏል። የእርግዝናዋን ዘመን ግን 10 ወር ነው በማለቱ ጥቂት ተሳስቷል፤ በየባሕሩ ዳር የምትታወቀው ዶልፊን የምትሸከመው እንደ አህያ 12 ወር ነው።

በአሜሪካ በፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ በሚባለው የባሕር ሰላጤ፣ ከ1970 ጀምሮ ዶልፊኖች አንድ በአንድ ተለይተው ይጠናሉ። እያንዳንዱ ዶልፊን በጀርባ ክንፉ ላይ ባለው ጭረትና ቅዳጅ ስለሚለይ፣ መርማሪዎቹ ፎቶግራፍ እያነሡ እናቲቱን፣ ልጇን፣ የልጅ ልጇን እስከ አምስት ትውልድ መዝግበዋል። ይህ ከዩጋንዳው ይልቅ የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ለመቍጠር መግደል አላስፈለገምና። በዚህ መዝገብ እንደ ታየው፣ ልጆቹ በብዛት የሚወለዱት የባሕሩ ውኃ በሚሞቅበት በፀደይ መጨረሻና በበጋ መግቢያ ነው። በአውስትራሊያ ሻርክ ቤይ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ወራቱ ተገልብጦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይበዛል፤ በዚያ የሚሞቀው በዚያን ጊዜ ነውና። ጉማሬ ሣርን ጠብቃ ትወልዳለች፤ ዶልፊን ሙቀትን ጠብቃ ትወልዳለች።

ጥጃ በእግሩ ሲመጣ ገበሬ እንደሚደነግጥ እናውቃለን። የዶልፊን ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው በጅራቱ በኩል ነው፤ ወዲያውም ወደ ላይ ወጥቶ ይተነፍሳል፤ ቢዘገይ እናቱ እየገፋች ታወጣዋለች። ሲጠባም ምላሱን እንደ ቀሰም ጠቅልሎ ነው፤ ወተቷ ከላም ወተት እጅግ የወፈረ ስለ ሆነ በጥቂት አፍታ የሚበቃውን ያገኛል። ጡት የሚጠባው ዓመት ተመንፈቅ፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ነው፤ ከእናቱ ጋርም ከ3 እስከ 6 ዓመት ይቈያል። በዚህ ምክንያት ዶልፊን የምትወልደው በየሦስትና በየአራት ዓመቱ፣ ሲዘገይም በየስድስት ዓመቱ ነው። በሳራሶታ አንዲት ዶልፊን በ48 ዓመቷ ወልዳለች።

ከሳራሶታ ከተገኘው ዕውቀት ሁሉ የበኵር ልጆች ነገር ያሳዝናል። በኵሮቹ ከኋለኞቹ ይልቅ ይሞታሉ። አንደኛው ምክንያት እናቲቱ ገና ልጅ ማሳደግ አለመልመዷ ነው። ሁለተኛው ግን ከሰው የመጣ ነው፤ ፒ ሲ ቢ የሚባለው የፋብሪካ መርዝ ወደ ባሕር ገብቶ፣ ከዓሣ ወደ ዶልፊኗ ስብ እየተላለፈ ለዓመታት ይከማቻል፤ የመጀመሪያ ልጇን ስታጠባ ከዚሁ ብዙው በወተቷ ወደ ሕፃኑ ይፈስሳል። እናቲቱ ከመርዙ የምትነጻው በበኵሯ ነው።

ስለ እናት ኀዘንም የታየ ነገር አለ። ኦርካ የምትባለው የባሕር አውሬ በወገኗ ከዶልፊኖች ሁሉ ታላቂቱ ናት። በ2018 በሐምሌ ወር በካናዳና በአሜሪካ ወሰን ባለው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ መርማሪዎች ጄ 35 ብለው የመዘገቧት ኦርካ ወልዳ ልጅቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ኖራ ሞተች። እናቲቱም ሬሳውን በግንባሯ እየደገፈች 17 ቀን በባሕር ላይ ይዛው ዞረች። ጉማሬም የሞተ ግልገሏን ከአዞ እየጠበቀች ስትቆም በተለያየ ስፍራ ታይታለች። እንስሳ በልቡ ምን እንደሚያስብ እኛ ልንፈርድ አንችልም፤ በዐሥራ ሰባቱ ቀን ግን ብዙ ሰው አልቅሷል።

ወደ ወንዛችን እንመለስና ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። አንዲት ጉማሬ በ9 ዓመቷ መውለድ ጀምራ፣ በየሁለት ዓመቱ እየወለደች እስከ 40 ዓመት ብትደርስ፣ በዕድሜዋ ሁሉ የምትወልደው ዐሥራ አምስት ያህል ነው። ከዚህም እኩሌታው ወንድ ነው፤ ከቀረውም አዞና ጅብ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አራሷ ጉማሬ ስትገደል ግልገሉም አብሮ ይሞታል፤ በስፍራዋ የምትተካ ሌላ እናት እስክትደርስም ዐሥር ዓመት ያህል ያስፈልጋል። በኮንጎ በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ በ1970ዎቹ 29 ሺህ ያህል ጉማሬዎች ነበሩ፤ ጦርነትና አደን ተባብረው በ2005 ከ1 ሺህ በታች አደረሷቸው። በመላው አፍሪካም ዛሬ የሚገመቱት ከ115 ሺህ እስከ 130 ሺህ ሲሆን፣ ከ2006 ጀምሮ ለመጥፋት ከሚያሰጋቸው እንስሳት ዝርዝር ገብተዋል።

እናቲቱ ሳትነካ ብትቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ሳይታሰብ በሩቅ አገር ታይቷል። ፓብሎ ኤስኮባር የተባለው የኮሎምቢያ የኮኬይን ነጋዴ በ1980ዎቹ አንድ ወንድና ሦስት ሴት ጉማሬዎች በርስቱ ላይ አኖረ። እርሱ በ1993 ከተገደለ በኋላ ጉማሬዎቹ ወደ ወንዙ ወጡ። በዚያ ውኃው አይደርቅም፤ ሣሩ አይጠወልግም፤ አዳኝም አልነበረባቸውም። አራቱ በ2023 ከ160 በላይ ሆነው ተቈጠሩ፤ አሁን የዚያ አገር መንግሥት በጣም ተቸግሮ ይገኛል።

በእኛም አገር በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ሆነው ጉማሬን በጦር በማደን የታወቁ ነበሩ፤ ሥጋዋን ይበሉ፣ ቆዳዋንም ይሸጡ ነበር። ጉማሬው እየተመናመነ፣ አደኑም እየተከለከለ ሲሄድ ኑሯቸውን ወደ ዓሣ ማጥመድ፣ ታንኳ መሥራትና ስፌት መልሰዋል። ለጉማሬው መመናመን እነርሱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ግን ፍርድ ማጕደል ነው፤ ጋሻውንና አለንጋውን ይገዛ የነበረው ማን እንደ ሆነ እናውቃለን። የጣና ሐይቅና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፤ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንም በአዋጅ ያስቀጣል።

ዳሩ ግን ማሳው ለተበላበት ሰው አዋጅ ቍጥር መጥቀስ ራት አይሆነውም። ስለዚህ በወንዝ ዳር ዘመድ ወይም ርስት ያላችሁ አንባብያን ይህን ብታሳስቡ እወዳለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችና ልጆች ቄጤማ ከበዛበት ዳር ርቀው፣ በግልጥ ስፍራ፣ ፀሓይ ከወጣች በኋላና ሳትጠልቅ ይቅዱ። ጉማሬ በየሌሊቱ በአንድ መንገድ ስለምትመላለስ ዱካዋ ይታወቃል፤ በዚያ መንገድ ላይ ማሳ አለማቅናት፣ ከብትም አለማሳደር ይገባል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ቦይ ነው። ጉማሬ ያን ያህል ኃይል እያላት እግሯ አጭር ስለ ሆነ መዝለል አትችልም፤ ቀጥ ብሎ የተቈፈረ ቦይ ወይም ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ይመልሳታል። እሳትና የቆርቆሮ ጩኸት ለጥቂት ሌሊት ይረዳሉ፤ ስትለምደው ግን አትሰማውም።

የቡሬው ሽማግሌ በዚያን ጧት ለጐልማሳው ጠመንጃ ያለው ሰው አልፈለጉለትም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ደቦ ጠርቶ በወንዙ በኩል ያለውን የማሳውን ዳር እንዲቈፍር፣ ለደቦውም የሚሆን ጠላ ከቤታቸው እንዲወስድ አዘዙለት። ደስ ብሎት የሄደ አልመሰለኝም። በታኅሣሥ ወር ስለ ሌላ ጉዳይ ስልክ ደውለውልኝ ሳለ ጨዋታ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቦይ የተቈፈረለት ግማሹ በቆሎ መዳኑን፣ ጐልማሳውም ያንኑ ሸጦ አንድ ቁና በርበሬ ይዞላቸው መምጣቱን ነገሩኝ። እመቤቲቱ ግን በርበሬውን ከመቀበላቸው በፊት «ልጁ ጡት ጣለ ወይ?» ብለው ጠይቀውታል።

«ገና ነው እሜቴ፤ ትናንት ማታ እንኳ ከእናቱ ጀርባ ላይ ነበር» ብሎ መለሰላቸው።